ቀብር ያልጠበቀ ሳቅ

መሪዎች ቀልድ አያውቁም የሚሉ ሰዎች አሉ። ፊታቸው አይፈታም፣ ጥርሳቸው አይታይም፣ ከቀለዱባቸው ያሳስራሉ ይላሉ። መርሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ይህ ወሬ ሲነሳ ዝም እላለሁ። እኔ በቅርብ ያየሁት አንድ ባለሥልጣን ብቻ ነው። እሱ ቀልድ ያውቃል። ጥሩ አድርጎ ያውቃል። እንዴት እንዳወቅሁ ነው የምጽፍላችሁ።

መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማለፊያ ነጥብ አልመጣልኝም። ነገሩ በደረሰበት ክረምት መርሳ ከተማ በጋሽ ታደሰ ጋራዥ የባጃጅና የመስኖ ሞተር ጥገና እየተማርሁ ነበር። የምጽፍበትን ሰው በአንቱታ ልጠራው ሞክሬ ነበር፤ ያደግሁትም እንደዚያ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ስሙንም ሥልጣኑንም ተዉት። ያኔ ሁላችንም «ክቡርነትዎ» ነበር የምንለው። እዚህ ሰውየው እለዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከመርሳ እስከ ሠፈራችን ሰውም እህልም ያመላልሳል። ሰውን ማስመሰል ይችል ነበር። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ሳል፣ የአጎታችንን የአሊን አረማመድ፣ በግራና ከተማ ገበያ በሬ ለመግዛት የሚከራከሩትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ያመጣቸዋል። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ሰውየው ራሱ የመጣ ይመስላችኋል። ሠርግ ያለ ሰይድ አይደምቅም ነበር።

በሠፈራችንና በዋናው መንገድ መካከል ወንዝ አለ። በጋ ላይ እግር አያርስም። ክረምት ግን እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ጩኸቱን ሰምቶ ያልሸሸ አለቀለት። እዚያ ላይ ድልድይ ይሠራል ተብሎ ሰውየው መጥቶ የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ። ንግግር አደረገ። ጃንጥላ ተያዘለት። «ይህ ድልድይ ድልድይ ብቻ አይደለም!» አለ። የዕድገት በር ነው፣ የአንድነት ገመድ ነው፣ የወጣቱ የእንጀራ መንገድ ነው አለ። አጨበጨብን። ሄደ። ድንጋዩ ቀረ። በሚቀጥለው ክረምት ድንጋዩንም ጎርፍ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ የሰይድ ትልቁ ጨዋታ ይህ ሆነ። እንደ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ያያል። «ይህ ድልድይ ድልድይ ብቻ አይደለም!» ብሎ ይጀምራል። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ወደ ወንዙ ዞሮ ይፈልጋል፤ አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰውየውን ረዳት ይጠይቃል፤ መልሱንም ራሱ በሌላ ድምፅ ይሰጣል።

«ድልድዩ የታለ?»

«ገና ነው ክቡርነትዎ።»

«ገና? ታዲያ በምን ልሻገር?»

ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «በባጃጅ» ይላል።

ሰዉ እዚህ ላይ በሳቅ ይፈርሳል። ሰይድ ራሱ ግን አይስቅም ነበር። አንዴ ብቻችንን ሆነን፣ «ይህን ነገር ሰውየው ራሱ ቢያየው ምን የሚል ይመስልሃል?» አልሁት።

«ያፍራል» አለኝ። «ያፍርና ድልድዩን ይሠራዋል። ችግሩ ያሳየው ሰው የለም።»

እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰይድ ሰው አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ወንዙ መሐል ሞተሩ ጠፋበት። ወዲያ ማዶ የነበሩ ልጆች «ተወው! ተወውና ውጣ!» እያሉ ጮሁ። ባጃጁን አልተወም። መሪውን እንደያዘ ጎርፉ መጣ።

በማግሥቱ ውኃው ሲጎድል ከመሻገሪያው በታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ፣ የባጃጁን አንድ ጎማ አገኘን። ከአሸዋው ላይ ቀና ብሎ ይታያል። ሌላው ሁሉ ከሥር ነው። በላዩ ላይ ጎርፉ ያመጣው ቋጥኝ ተጋድሞበታል። የሠፈሩ ወንድ ሁሉ አካፋ ይዞ ወጣ። አሸዋውን ስናወጣው ውኃው ይሞላዋል፤ ውኃውን ስንቀዳ አሸዋው ይናዳል። ቋጥኙ ንቅንቅ አላለም። አሥር ሆነን ብንገፋው እግራችን ነው አሸዋ ውስጥ የሰመጠው።

ሲሪንቃ አካባቢ ከመንገድ ዳር አንድ የመቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተር፣ ቆሞ ነበር። አጎቴ አሊ ሄዶ ኦፕሬተሩን ለመነው። ልጁ ደግ ነበር። «ትእዛዝ ካልመጣልኝ እባረራለሁ፤ አንድ ቃል ካሉኝ ግን ወዲያው እመጣለሁ። ለእኔ ቀላል ሥራ ነው» አለው።

ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ስንፈልግ ሌላ ቀን አለፈ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወሬ መጣ። ሰውየው ወደ ወልድያ ሲያልፍ ለቅሶ ሊደርስ ነው።

አሁን ስለ ቅሬያችን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የሚመጣው አይገባችሁም። ቅሬ የለቅሶና የቀብር ማኅበራችን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። በእኛ ቅሬ፣ ሬሳ ሳይቀበር ድንኳን ውስጥ አይሳቅም። ከተቀበረ በኋላ ሟቹን እያነሱ መጫወትም መሳቅም ይቻላል፤ ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ሲባል እንዲያውም ይፈለጋል። ከቀብር በፊት ግን የሳቀ ሰው፣ በኋላ ሰው ፊት ቆሞ የለቅሶውን ባለቤቶች «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። የቅሬው ዳኛ አያ ይመር በዚህ አይቀልዱም። ሰይድ ጠፍቶ በተቀመጥንበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ ድንኳን አንድ ሳቅ አልወጣም።

ሰውየው ይመጣል እንደተባለ አጎቴ አሊ ወጣቶቹን ሰበሰበ።

«የሰይድን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያስቀመጠ አሁኑኑ ያጥፋ» አለ።

«የትኛውን አያ አሊ?» አለው አንዱ።

«የትኛውን ትለኛለህ? ሰውየው ሲመጣ አንዱ ስልክ ላይ ቢከፈት ማሽኑን ይከለክለናል! የሱን ብቻ ልለይ አትበሉ፣ ጊዜ የለም፤ ሁሉንም ጠራርጉት።»

ጠራረጉት። እኔም አጠፋሁ። የሰይድ ስልክ አብሮት አሸዋ ውስጥ ነበር።

ረፋዱ ላይ መኪኖቹ ደረሱ። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ገባ። ወንበር ቀረበለት፤ እኛ ምንጣፍ ላይ ነን። ሴቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ነበሩ፤ በመካከላችን የተዘረጋው መጋረጃ ብቻ ነው። ዱዓ ተደረገ። ሰውየው እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ፊቱ እውነተኛ ሐዘን ነበረው። እኔ ወደድሁት። አልዋሻችሁም፣ ያን ጊዜ ወደድሁት።

አያ ይመር ተነሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደገፉ።

«ክቡርነትዎ፣ አላህ እድሜ ይስጥልን። ልጁ አሸዋ ውስጥ ነው። ቆፈርን፤ ድንጋዩ አቃተን። ሲሪንቃ ማሽን ቆሟል። ኦፕሬተሩ አንድ ቃል ካገኘሁ እመጣለሁ ብሎናል። ያችን አንድ ቃል ይስጡን። ደጋው ዛሬ ከዘነበ ይህን ልጅ ዳግመኛ አናገኘውም፤ እናቱም መቃብር አይኖራትም።»

«ማሽን» አለ ሰውየው፤ ወደ ረዳቱ ዞረ። ረዳቱ ቀጭን ጎረምሳ ነው። ስልኩን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። መልስ የምንሰማ መስሎን አንገታችንን አሰገግን።

«ቆይ» አለ ሰውየው። «ልጁ ያ ልጅ ነው አይደል?»

«የትኛው ልጅ ክቡርነትዎ?» አሉ አያ ይመር።

«ያ እኔን የሚያስመስለው።»

አጎቴን አሊን ላብ አጠመቀው። «ወሏሂ ክቡርነትዎ ክፋት አልነበረውም። ልጅነት ነው። መክረነው ነበር።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ኧረ ምን ሆናችሁ? ቀልድ የማልወድ አደረጋችሁኝ እንዴ? አንዱ ስልኩ ላይ አሳይቶኝ ስንት ቀን ነው የሳቅሁት! ማን ጋ አለ? እስቲ አምጡት።»

ወጣቶቹ ስልካቸውን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ።

«ጠፍቷል» አለ አንዱ።

«ከሁሉም?»

«ከሁሉም።»

«አይ እናንተ» አለ ሰውየው። «ታዲያ የሚችለው ሰው የለም?»

አጎቴ አሊ ጎኔን ሲነካኝ ገባኝ። «ወንድሙ ይችላል ክቡርነትዎ። ጀማል ይባላል።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አድርገው። ለማሽኑ ነው። ደስ ካለው ይልክልናል» አለኝ።

«አያ አሊ፣ ሬሳው አልተቀበረም» አልሁት።

«እንዲቀበር ነው እኮ የምልህ!»

አያ ይመርን አየሁ። ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት ያያሉ። እምቢ በል ቢሉኝ እምቢ እል ነበር። እሳቸውም ማሽኑን እያሰቡ ነበር መሰለኝ።

ተነሳሁ። መነጽር አልነበረኝም፤ ያወለቅሁ አስመሰልሁ። ጠረግሁት። ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። እኔ የማውቀው የሰውየውን ድምፅ አልነበረም፤ ሰይድ የሚያወጣውን ድምፅ ነው። ከጉሮሮዬ ሲወጣ ደነገጥሁ። ሰይድ ነበር።

«ይህ ድልድይ ድልድይ ብቻ አይደለም!»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም የሚያየው እኔን አይደለም፤ የሰውየውን ፊት ነው። ሰውየው ጣቶቹን አቆላልፎ አተኩሮ ያየኛል። የዕድገት በር አልሁ፤ የአንድነት ገመድ አልሁ፤ የወጣቱ የእንጀራ መንገድ አልሁ። ረዳቱ ስልኩን ወደኔ ቀና አድርጓል። ወደ ወንዙ ዞርሁ። ድንኳኑ ሸራ ነው፤ ወንዙ ግን በዚያ በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። አንገቴን አሰገግሁ።

«ድልድዩ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። በሌላኛው ድምፅ «ገና ነው ክቡርነትዎ» ብዬ መለስሁ። «ገና? ታዲያ በምን ልሻገር?»

የቀረኝ አንድ ቃል ነው። አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣም አለኝ። ጎማው ታየኝ። ከአሸዋው ላይ ቀና ያለው ጎማ። ቆምሁ።

«በባጃጅ!» አለ ሰውየው።

እሱ ነው ያለው። ቀልዱን ያውቀዋል፤ መጨረሻውን ጠብቆ ራሱ ጨረሰው። ጭኑን መታ። ሳቀ። የውሸት ሳቅ አልነበረም። ከሆዱ ነው የሳቀው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር። «በባጃጅ!» አለ እንደገና፤ መሐረብ አወጣ።

ከዚያ አጃቢዎቹ ሳቁ። ከዚያ አጎቴ አሊ ሳቀ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ግማሾቹ በፍርሃት ነው። ግማሾቹ ግን እውነታቸውን ነው፤ ስንት ጊዜ ያፈኑት ነገር አመለጣቸው። ከእኔ ጋር አሸዋ ሲቆፍሩ የነበሩ ልጆች እጃቸው እንደቆሰለ ሳቁ። እኔ መሐላቸው ቆሜ ነበር። የበሰበሰ ነገር የቀመስሁ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ተሰማ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ናት። ከዚያ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ እልል አለ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ሰውየውም አልገባውም። እሱ ግን የገባው መሰለው። ከወንበሩ ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ወደ መጋረጃው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «እናቶቻችን፣ ክበሩልን» አለ። ለእሱ እልል ያሉለት መስሎታል። ረዳቱ ይህንንም ቀረጸ።

መጋረጃው ተገፈተረ። እናቴ ወጣች። ሻሿ ከራሷ ላይ ወድቋል። ጫማ አላደረገችም። ከሰው ሰው እያየች መጣች።

«የታለ?» አለች። «ልጄ የታለ? በሕይወት ነው? ድምፁን ሰማሁት!»

እኛ ሬሳ ሳይቀበር አንስቅም። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ። መጀመሪያ የሰይድን ድምፅ ሰሙ፤ ቀጥሎ ወንዶቹ ሁሉ ሲስቁ ሰሙ። የዚህ ትርጉም ለእነሱ አንድ ብቻ ነው። ሰይድ ቆሞ መጥቷል።

ሳቁ ቆመ። እንደ መብራት ነው የጠፋው። ውስጥ ያሉት ሴቶች ገና እልል ይላሉ።

አያ ይመር ወደ እናቴ ሄዱ። «ዘሀራ፣ አልመጣም። ግቢ ልጄ።»

«ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

እናቴ ድንኳኑን ዞራ አየችው። ሰውየውን አየችው፤ መሐረቡ ገና እጁ ላይ ነበር። አጎቴን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ታዲያ ምን ያስቃችኋል?» አለች።

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነበር። አክስቴ መጥታ ደግፋ መለሰቻት። እልልታው ቀስ በቀስ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ያን ለውጥ መግለጽ አልችልም።

ሰውየው ሰዓቱን አየ። እንደ ሰው ትንሽ የሚያፍር መሰለኝ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አይቻለሁ። ነገር ግን ከሐፍረቱ የሚወጣበትን መንገድ ያውቃል። ጫማውን እያጠለቀ አያ ይመር ተከተሉት።

«ክቡርነትዎ፣ የማሽኑን ነገር...»

ሰውየው ዞረ። መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ከዳር እስከ ዳር አየን። ሰይድ በሚያስመስልበት አኳኋን ራሱን አስመሰለ። «ይህ ማሽን» አለ፣ «ማሽን ብቻ አይደለም!»

አጃቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ጎበዝ ነህ፤ እንደ ወንድምህ» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

አቧራው እስኪረጋ ቆመን ቀረን።

«ምን አለ?» አሉ አያ ይመር።

«ይልካል ማለቱ ነው» አለ አጎቴ አሊ። «በደስታ ነው የሄደው፤ አላያችሁትም?»

«እሺ አለ?»

«እሺ ባይልማ እንዴት ይቀልዳል?»

«እኔ እሺ ሲል አልሰማሁም» አሉ አያ ይመር።

ይህን ስንከራከር ወደ ወንዙ ወረድን። አካፋ ያነሳ የለም። ማሽን የሚመጣ ከሆነ የእኛ ቁፋሮ ምን ይጠቅማል? ዳርና ዳር ቁጭ ብለን ወደ መንገዱ እናያለን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እንነሳለን። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ተሰገደ። ማሽን የለም። ወደ ኦፕሬተሩ ደወልሁ። «ወንድሜ፣ ሞተሩን አሙቄ እየጠበቅሁ ነው፤ የደወለልኝ ሰው የለም» አለኝ።

ከዚያ ወደ ደጋው አየሁ። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል።

አጎቴ አሊ የረዳቱን ስልክ ከሆነ ሰው አገኘና ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ አደረገ።

«ማሽን?» አለ ረዳቱ። «የቱ ማሽን?»

«ክቡርነታቸው ለቅሶው ላይ ያሉት ማሽን፤ የሲሪንቃው።»

«እንዴ! አባቴ፣ እሳቸው እኮ ሲቀልዱ ነው!» ሳቀ። «አሁን ስብሰባ ገብተዋል። ለማንኛውም ልጁን አመስግኑልኝ፤ በጣም ነው የተደሰቱት።»

አጎቴ ስልኩን ዘጋ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ግማሽ ቀን ሄዷል። አንድ ሰው «ማሽን ብቻ አይደለም» ስላለ፣ ያ ሁሉ ወንድ አካፋውን አጋድሞ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሏል። ቀልድ ይሁን ቃል ሊለይ የደፈረ ከመሐላችን አልነበረም።

አያ ይመር ጋቢያቸውን ጥለው አካፋ አነሱ። «ተነሱ» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ከመርሳ በጋሪ የመስኖ ሞተር ይዘው ደረሱ። ሌላ ሁለት ሞተር ከገበሬዎች ተሰበሰበ። ውኃውን እየሳብን፣ አሸዋውን በጆንያ እየሞላን ግድግዳ ሠራን። ቋጥኙን መግፋት ትተን ከጎኑ ጉድጓድ ቆፈርንለትና ወደዚያ ተንከባለለ። ይህን ጠዋት ብንጀምረው ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ሲደርስ የባጃጁን ሸራ ነካን። ከላይ ልጆች አቁመን ነበር፤ ጎርፍ ካዩ ፊሽካ ሊነፉ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጃኬቱን ነው። እጁ መሪው ላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ ውጣ ልጄ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አሉኝ። አልወጣሁም። ጣቶቹን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ሰይድን በጋቢ ይዘን ስንሮጥ የጎርፉ ጩኸት ከኋላችን ነበር። ዳር ወጥተን ዞር ስንል ጎማውም፣ ባጃጁም፣ ጋሽ ታደሰ ያመጡት ሞተርም የሉም። «ሞተርዎ!» አልኋቸው። «ዝም በል» አሉኝ፤ እያለቀሱ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ቀበርነው። ውኃ የወሰደው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው እያሉ ሰዎች አጽናኑን።

ከቀብር ስንመለስ አያ ይመር የቅሬውን ሰው በሙሉ ከቤታችን ደጃፍ አቆሙት። የሳቀ ሁሉ አንድ በአንድ እናቴ ፊት እየቆመ «ዘሀራ፣ አውፍ በይኝ» አለ። አጎቴ አሊ ሲደርስ መናገር አቃተው፤ እጇን ይዞ ተንበረከከ። እናቴ ለእያንዳንዱ «አውፍ ብያለሁ» አለች። እኔም ተሰለፍሁ።

«አንተ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለችኝ።

«እማየ፣ ያስመሰልሁት እኔ ነኝ።»

«ሳቅህን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ሂድ እጅህን ታጠብ።»

አንድ ሰው ብቻ አውፍ በይኝ ሳይላት ቀረ። እሱ ወልድያ ነው።

ሰንብቶ ቪዲዮው ወጣ። ረዳቱ የቀረጸው ነው፤ በሰውየው ገጽ ላይ ተለጠፈ። ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። እኔ ቆሜ ስናገር ይታያል። ሰውየው «በባጃጅ!» ብሎ ሲስቅ፣ ድንኳኑ ሲስቅ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ሲነሳ። እዚያ ላይ ይቋረጣል። እናቴ የለችበትም። ከላዩ ላይ «ከሐዘንተኞች ጋር ሐዘንን በሳቅ የተካፈለ ትሑት መሪ» የሚል ተጽፎበታል። ሰው ከሥሩ አስተያየት ይጽፋል። «እንዲህ ዓይነት ቀልድ አዋቂ መሪ ይስጠን» ያለም አለ። «ሕዝቡ እንዴት ቢወደው ነው ለቅሶ ላይ እልል ያለለት» ያለም አለ። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጥቼ አስመለስሁ።

ይህን የጻፍሁት ለእናንተ፣ ለአስተያየት ሰጪዎቹ ነው። ቀልድ አያውቅም ብላችሁ የምትሳደቡትም፣ ቀልድ ያውቃል ብላችሁ የምታመሰግኑትም ስሙኝ። እኔና ወንድሜ ሰውየው ነገሩ ያልገባው ይመስለን ነበር። ቢገባው ያፍር ነበር ብለን ነበር። ገብቶታል። ድልድይ እንደሌለ፣ ድንጋዩ እንደተወሰደ፣ በባጃጅ እንደምንሻገር፣ ባጃጁ አሸዋ ውስጥ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ገብቶት ነው የሳቀው። ይህን ማወቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው። ቀልድ የማያውቅ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይገባዋል ብዬ እጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ ፊቱን አያለሁ። ከመሳቁ በፊት ወደ ማን እንደሚያይ አያለሁ። ባለፈው ውርጌሳ ሠርግ ላይ ያን ነገር እንዳሳያቸው ለመኑኝ። እምቢ አልሁ። «የወንድምህን ማስታወሻ» አሉኝ። የወንድሜ አይደለም አሁን፤ ያ ሳቅ ገብቶበታል።

ቤታችን ግን አንድ ነገር አለ። ከሰይድ ድምፅ የቀረን የለም። ያን ጠዋት ሁሉንም አጥፍተናል። ስለዚህ እናቴ አንዳንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ «ያን ነገር ክፈትልኝ» ትለኛለች። የሰውየውን ገጽ እከፍታለሁ። እሷ ስክሪኑን አታይም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትሰማለች። ድምፁ የእኔ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሰይድ ነው። ስለ ድልድዩ ይናገራል፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ በሩ ይናገራል። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

«ሳቁ ሳይመጣ ዝጋው» ትለኛለች።

ጣቴን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። «በምን ልሻገር» ካለ በኋላ ያለችው ዝምታ በጣም አጭር ናት። እስካሁን አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም።